ሁለተኛ ያልተጠየቀችው ሀቢባ

ሀቢባን ያወቅኋት ጄኔቭ፣ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንድ ርካሽ ሆቴል እሷ ክፍል ታጸዳለች፣ እኔ ምድር ቤት አንሶላ አጥባለሁ። የቆሸሸውን አንሶላ ቋጥራ ከላይ በደረጃው ስትለቀው «ትርፌ፣ ጭንቅላትሽን!» ብላ ትጮኻለች። እኔ ዘልዬ ግድግዳ ስለጠፍ እሷ ከላይ ሆና ትስቃለች። ሳቋ ቤቱን ይሞላዋል። የሆቴሉ ማዳም «እዚህ ቤት እንግዳው ማነው፣ እናንተ ናችሁ ወይስ እነሱ?» ትለን ነበር።

የወሎ ሰው ናት፣ የሐይቅ። ባሏ፣ ልጃቸው ዐብዱ ጡት ሳይጥል ሞተባት። ልጁን ለእናቷ ትታ አዲስ አበባ ገባች፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ሞግዚት ሆነች፣ ከነሱ ጋር ጄኔቭ መጣች። ሰውዬው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር «እናስጠራሻለን» ብለዋት ሄዱ፤ ሳያስጠሯት ቀሩ። እሷም ቀረች። ዐብዱን ያስመጣችው ዘጠኝ ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ያንን ፔርሚ የሚሉትን፣ ለማግኘት ያየችውን አበሳ እሷም አውርታው አታውቅ፣ እኔም አልጽፈው።

እኔ አብዮቱ ካፈናቀላቸው አንዷ ነኝ፤ ስመጣ እሷ አሮጌ ነዋሪ ነበረች። ምሳችንን ምድር ቤት፣ ማጠቢያው አጠገብ አብረን እንበላለን። ሥጋችን ይለያያል እንጂ ሰርዲን አይለያየንም። ከኔ ከፍዬ ሳቀርብላት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። «ኧረ በሞቴ» እላለሁ። «አይ፣ አንቺ ብዪው።» ሦስተኛ ስጠይቃት ትበላለች። እኔም ለሷ እንዲያው ነኝ። ሰው በአንድ ቃል ዘሎ እጁን አይዘረጋም፤ ያደግነው እንዲህ ነው። አንድ ምልክት ግን ነበራት፦ ወላሂ ካለች አበቃ። ወላሂ ብላ ዋሽታ አታውቅም። ወላሂ ያላለችበት እንቢታ ሁሉ ግን «ደግመሽ ጠይቂኝ» ማለት ነው።

ዐብዱ አድጎ ዙሪክ ሥራ አገኘ፣ የትራም ነጂ ሆነ። ኢብቲሳምን አገባ፣ አፎልተርን የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየ፣ ሂባን ወለዱ። እናቱ ጉልበቷ ታሞ ሥራ ስታቆም «ነይ ከኛ ጋር ኑሪ» አላት። «እዚሁ ደኅና ነኝ» አለችው። ከርሞ ደግሞ ጠየቃት። «አላስቸግራችሁም።» ሦስተኛውን አልጠየቃትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ተውሶ መጣና ዕቃዋን ይጭን ገባ። እሷ እየተቆጣች ሻንጣዋን አቀበለችው። ሻንጣው ለካ ከሳምንት በፊት ታስሮ ኖሯል! ያን ቀን ሁለታችን ስንሳሳቅ፣ እኔ ደግሞ ሳለቅስ፣ መኪናው ሄደ። ይሄ በፈረንጅ ዘጠና አምስት ነው።

የዐብዱ ቤት ጠባብ ናት። ሀቢባ ከሂባ ጋር አንድ ክፍል ገባች። ሂባ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ነርስነት ጀምራለች። አያትና የልጅ ልጅ ነፍስ ለነፍስ ይዋደዳሉ፤ ግን የሂባ ሙዚቃና የሀቢባ ሶላት በአንድ ክፍል እንዴት ይሁን? በዚያው ሰሞን ከነሱ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ሽማግሌና ወጣት ባንድ ላይ የሚኖርበት ቤት ተከፈተ። ሂባ ናት ያገኘችው። ሁሉም የየራሱ ክፍል አለው፤ ታች ደግሞ የጋራ ወጥ ቤትና አዳራሽ አለ። ወጣቱ ኪራይ ይቀነስለታል፣ በምትኩ በሳምንት አራት ሰዓት ለሽማግሌዎቹ ገበያ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ያነባል፣ በረዶ ይጠርጋል። ሽማግሌው የሰው ልጅ ይጠብቃል፣ የሚያውቀውን ያስተምራል። ሐሙስ ሐሙስ እራት ባንድ ላይ ነው።

በስልክ ስትነግረኝ «ፈረንጅ ይሄን መቼ አሰበው?» አልኳት።

«እኛ ዝም ብለን የምንኖረውን እነሱ ደንብ አወጡለት» አለችኝ። «ምን አለበት፣ በደንብም ቢሆን ሰው ሰው ይሸታል።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሂባ ጋር ጎን ለጎን ክፍል አገኙ። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ሊፍት የለውም። እኔ ጄኔቭ ዳር ላንሲ ካለችው አንድ ክፍሌ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ በባቡር እሄድላት ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀናሁባት። ጡረታ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ «ቦንዡር» የሚለኝ ደብዳቤ አዳዩ ብቻ ነበር፤ እሷ ዘንድ በሩ አይዘጋም። ኡርስ የሚባል ቀውላላ ተማሪ ዚፕ መቀየር ታስተምረዋለች። «ጣትህን አይደለም፣ ጨርቁን ስፋ!» ትለዋለች በአማርኛ። እሱም «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ ከሷ የለመዳት ቃል ይቺው ናት። ምድር ቤት ደግሞ ፍራው ኤግሊ፣ ወይዘሮ ኤግሊ እንደ ማለት፣ የምትባል አሮጊት ነበረች። እሷ ፈረንሳይኛ ትሞክራለች፣ ሀቢባ ጀርመንኛ ትሞክራለች፣ ሁለቱም ሳይሆንላቸው አተር ይፈለፍላሉ።

ይቺ ፍራው ኤግሊ ዘጠና ሰባት ላይ፣ በፈረንጁ ክረምት መጨረሻ፣ በመጋቢት ሞተች።

የሀቢባ ጉልበት በዚያን ጊዜ ብሶበት ነበር። ሐኪሙ «ደረጃ ይቅርብሽ» ብሏታል። ደረጃው አርባ ስምንት ነው፤ እሷ ናት የቆጠረችው። የፍራው ኤግሊ ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ ከመንገድ ዘው የሚባልበት፣ አንድም ደረጃ የሌለው። ሀቢባ በአንዱ፣ ሂባ በሌላው ሊሆኑ ነው። ያለዚያ ከዚያ ቤት መውጣት ሊመጣ ነው፤ የት? ዐብዱ ዘንድ ቦታ የለም፣ የቀረው የአረጋውያን ማደሪያ ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። የቤቱም ሰው ያውቃል። ሬጉላ የምትባል አስተማሪ ናት የቤቱን ስብሰባ የምትመራው፤ ኮሪደር ላይ አግኝታት «ስብሰባው ላይ ነይና ተናገሪ፣ የሚፈልግ ሰው በራሱ አፍ መናገር አለበት፣ ደንቡ ነው» ብላታለች።

ሀቢባ ደወለችልኝ። «ትርፌ፣ ነይ። ቤቱ ለኔ ነው የሚሉት።» ድምፅዋ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። «መስኮቱን በስንዝሬ ለክቼዋለሁ፣ መጋረጃ ከዚያ ይዘሽልኝ ነይ፣ እዚህ ያለው ቀለሙ የሐዘን ነው።» ቢጫ መጋረጃ ገዝቼ ሄድኩ።

ዐብዱ የዚያን ቀን ተረኛ ነበር፣ ትራሙን ጥሎ አይመጣ። ሂባ ታስተረጉማለች ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ዙሪያውን ተደርድሯል፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ሀቢባ በመሃላችን ተቀመጠች፣ አዲስ ሻርፕ አድርጋ። ሬጉላ ወረቀቷን ይዛ ስለ ቆሻሻ ማውጫ፣ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ብዙ አወራች። ከዚያ የፍራው ኤግሊ ቤት ጉዳይ መጣ።

መጀመሪያ እጁን ያወጣው አንድ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ከሚስቱ ጋር ባንድ ክፍል ይኖራል፣ ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «እኛ እንፈልገዋለን» አለ፣ ሂባ እንደተረጎመችልን። እንዲህ ነው፣ አንዴ፣ ጥርት አድርጎ።

ሀቢባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አያፍርም?» አለችኝ።

ሬጉላ ወደኛ ዞረች። ፈገግ አለች፤ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ይሄን ልንገራችሁ። አንድ ነገር ጠየቀች። ሂባ ወደ አያቷ ጎንበስ ብላ «አያቴ፣ ቤቱን ትፈልጊያለሽ ወይ? ነው የምትለው» አለቻት።

ሀቢባ ሻርፗን ወደፊት ሳብ አደረገች። ሁሉም ያያታል። «ኧረ እኔ ምን አለኝ!» አለች። «ልጅ ላላቸው ይሁን እንጂ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ የትም እሆናለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብኝ።»

ወላሂ አላለችም። እኔ ሰምቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ልመና አላውቅም፤ ማንም ያገሬ ሰው ቢሰማው «ኧረ ተይ፣ ደረጃውን እንዴት ልትወጪው ነው?» ብሎ ይነሣ ነበር።

ሂባ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው። ምንም እንዳላጎደለች፣ ምንም እንዳልጨመረች አልጠራጠርም፤ ልጅቷ ቋንቋ ትችላለች። ሬጉላ አፏን ከፈተች፤ እኔ «አሁን ደግማ ልትጠይቃት ነው» አልኩ በልቤ። በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ማጨብጨብ ጀመረ። እንባ አቅርሯል። አጠገቡ ያለው ቀጠለ፣ ሌላው ቀጠለ፣ አዳራሹ ባንድ ጊዜ ጭብጨባ ሆነ። ነፍሰ ጡሯ መጥታ ሀቢባን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ኡርስ «እሺ፣ እሺ!» እያለ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባል።

ሀቢባ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። አውቃታለሁ፣ ሁለተኛውን ነው የምትጠብቀው።

የሂባን እጅጌ ጎተትኩ። «ደግመው እንዲጠይቋት ንገሪያቸው!»

«ለምን?»

«ትፈልገዋለቻ!»

«እማማ ትርፌ፣ አልፈልግም አለች እኮ። በነሱ ቋንቋ ናይን ነው፣ አይ ማለት ነው።»

«አላለችም!»

«አለች! እርስዎም ሰሙ። ምን ልበላቸው? አያቴ ውሸታም ናት ልበላቸው?»

ምን እላታለሁ? አማርኛውን ሁሉ በትክክል ሰምታዋለች። እኔ ራሴ ልነሣ አሰብኩ። ጀርመንኛ አላውቅም፤ ግን በፈረንሳይኛ ጮኽ ብል የሚሰማኝ አይጠፋም ነበር። እንግዳ ነኝ፣ በሰው ቤት ስብሰባ ምን አግብቶኝ፣ ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬ ይሄን ስጽፍ ሬጉላን ልወቅስ ሂባን ልወቅስ እሞክራለሁ፤ ሁለቱ የማያውቁትን ነው ያላደረጉት። እኔ ግን እያወቅሁ ተቀመጥኩ።

እጅ አወጡ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ፣ አለቀ። ለሀቢባ አንድ ሳጥን ቸኮሌት ሰጧት።

አርባ ስምንቱን ደረጃ በየመታጠፊያው እያረፍን ወጣን። ቸኮሌቱን እኔ ይዣለሁ። ክፍሏ ስንገባ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ብዙ ቆየች። ከዚያ «አልደገሙልኝም» አለች።

በነጋታው ዐብዱ መጣ። ሰምቶ ነደደ። ሂባ ላይ ጮኸባት።

«አያትሽን አታውቂያትም? ስንት ዓመት አብረሻት ኖርሽ?»

«የተናገረችውን ነው የተረጎምኩት!»

«የተናገረችውን ማን ጠየቀሽ? ያሰበችውን ነው እንጂ!»

ሂባ አለቀሰች። «እኔ በምን ላውቅ? ማን አስተማረኝ? አንተ ቤት ‹አይ› ካልኩ አይ ነው። ‹የማትፈልጊውን እምቢ በይ፣ የምትፈልጊውን ጠይቂ› ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነዋ! ዐብዱ እዚያ አገር ሳትታለል እንድታድግ ብሎ ነው፤ ያስተማራት ለሌላ ሰው ነበር፣ ለናቱ አልነበረም። ሀቢባ ከአልጋዋ ሆና «ልጄን ተዋት» አለችው። «እሷ ምን አጠፋች? ያጠፋው የኔ አፍ ነው።»

እኔ ሳምንቱን እዚያው ቆየሁ። ሂባ አላስቻላትም፣ በአምስተኛው ቀን ሬጉላ ዘንድ ሄዳ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። እንዴት እንዳስረዳቻት እንጃ። ሬጉላ ያን ወረቀቷን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። ወንበር ስበን አስቀመጥናት። በሂባ አፍ እንዲህ አለች፦ «ፍራው ሀቢባ፣ ካልገባኝ ይቅርታ አድርጊልኝ። እውነቱን ንገሪኝ። ቤቱን ፈልገሽው ከነበረ ነገ ስብሰባውን መልሼ እጠራለሁ። ይቻላል።»

ይኸው ሁለተኛው መጣ።

እኔ ሀቢባን አየኋት። ተናገሪ፣ በይ፣ አሁን በይ፣ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን በመስኮት ወደ ታች ታያለች። ታች ያ ጎልማሳ የሕፃን አልጋ ከመኪና ላይ እያወረደ ነው። ሚስቱ የቀለም ብሩሽ ይዛ በሩ ላይ ቆማ «በዚህ በኩል» እያለች ታሳየዋለች፤ ሆዷ ቀድሟታል። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተውታል። የድሮ ክፍላቸውን ደግሞ ለሌላ ተማሪ ለቀዋል፣ ዕቃው ገብቷል።

«ሂባ» አለች ሀቢባ።

«አቤት።»

«አልፈልግም በያት።»

ሂባ አልተረጎመችም። «አያቴ፣ የምርሽን ነው? ወይስ ደግሜ ልጠይቅሽ?»

«የምሬን ነው።»

«ደግሜ ልጠይቅሽ፤ አያቴ፣ ቤቱን ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም አልኩሽ። እርጉዝ ሴት አስነሥቼ በሷ ቤት አልተኛም። ወላሂ አልፈልግም።»

ወላሂ አለች። ስንት ዘመን የማውቃት ወላሂ ናት፤ እውነት ይሁን ውሸት ግን ያን ቀን መለየት አቃተኝ። ሬጉላ ተነሥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። ስትወጣ ትከሻዋ ቀለል ሲላት ከኋላዋ አይቻለሁ። ማን ይፈርድባታል፣ ማንም ሰው ያንን ስብሰባ ደግሞ መጥራት አይፈልግም።

መጋረጃውን ይዤ ወደ ላንሲ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በፈረንጁ በጋ ሀቢባ በቀን አንዴ ትወርድ ነበር፤ በመስከረም በሳምንት አንዴ፤ በረዶ ሲጥል ጨርሶ ቀረች። ወጣቶቹ መጀመሪያ ይመጡላት ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ ምግብ በሳህን ተሸፍኖ ይመጣላታል። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ኡርስ ተመርቆ በርን ወደሚባለው ከተማ ሄደ፣ አዲስ የገቡት አያውቋትም። ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ እነሱም ጉልበት የላቸውም። አንድ ሐሙስ ስደውልላት «ስሚ» ብላ ስልኩን ወደ በሩ ዘረጋችው። ከታች ሳቅ፣ የሳህን ድምፅ፣ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። «እራት ላይ ናቸው» አለችኝ። «እንዲህ እያደመጥኩ እበላለሁ።»

ዘጠና ስምንት መጀመሪያ ላይ በሷ ጉዳይ ተሰበሰቡ። እሷ መውረድ ስላልቻለች ሬጉላና ሂባ መጥተው ነገሯት፦ ከከተማው ማዶ ጥሩ ማደሪያ አለ፣ ሊፍት አለው፣ ነርስ አለው፣ ትሄጃለሽ ወይ? «እሺ» አለች። ወዲያው፣ አንዴ ሳያስደግሙ። ሂባ ስትነግረኝ «ምንም አላቅማማችም፣ ደስ ብሏት ነው መሰለኝ» አለችኝ። ሀቢባ በአንድ ቃል እሺ ስትል በዘመኔ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ልጆች በወንበር ተሸክመው አወረዷት። ምድር ቤት ስትደርስ ያቺ ወላድ ልጇን ታቅፋ ከበሩ ወጣች፣ ልጁን ሀቢባ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። «ማሻ አላህ» አለች ሀቢባ፣ ግንባሩን ዳሰሰችው፣ መለሰችላት። ያንን በር አልፋ ወጣች፤ ዞራ አላየችውም።

በሐምሌ ማደሪያው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋታል። ዙሪያዋን ያለው ሁሉ አሮጊትና ሽማግሌ ነው፣ አንድም ወጣት የለም፣ ከነርሶቹ በቀር። ሂባ በየእሑዱ ትመጣለች፤ ያን ቀንም መጣች። አሁን ነርስ ሆናለች፣ ጎበዝ ልጅ።

«አያቴ፣ ይበርድሻል?»

«አይ፣ አይበርደኝም።»

«እውነት አይበርድሽም?»

«አይበርደኝም፣ የኔ ዓለም።»

«አያቴ፣ ይበርድሻል ወይ?»

«ኧረ አይበርደኝም!»

ሂባ ተነሥታ ብርድ ልብስ ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሀቢባ ወደኔ ዞረች። ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል።

«ሁሌ እንዲህ ናት» አለችኝ። «ሻይ እፈልጋለሁ ስላትም ሦስቴ ትጠይቀኛለች። ሽንት ቤት ስላትም ሦስቴ። እሺ ብል አታምነኝ፣ እምቢ ብል አታምነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ዘንድ ቃል የለኝም፣ ትርፌ።»

«ንገሪያታ!»

«ምን ብዬ?»

ሂባ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ተንበርክካ ጉልበቷን ሸፈነችላት፣ እግሮቿ ሥር ጠቀለለችላት፣ እስከ ደረቷ ድረስ ሳበችላት። «አሁንስ? ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች ሀቢባ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ሂባ ልትደግም ቀና ስትል ሀቢባ ብርድ ልብሱን በራሷ እጅ እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው።